በሚጋለብበት ጊዜ ጥርሱን ስለሚያፋጭ ፈረስ

ፈረስ አንደበት የለውም። በሬ ሲከፋው ያገሣል፤ ውሻም ሲመታ ይጮኻል፤ ፈረስ ግን ሕመሙን በጩኸት የሚገልጽበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ወገኑ በሜዳ ላይ በመንጋ ሲኖር አውሬ ደካማውን ለይቶ ይነጥቅ ስለ ነበር፣ ድካምንና ሕመምን መሰወር ከጥንት ጀምሮ የፈረስ ጠባይ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ የፈረስ ባለቤት የሆነ ሰው፣ ፈረሱ በጆሮው፣ በጭራው፣ በዓይኑና በአፉ የሚሰጠውን ትንሽ ምልክት ሁሉ እንደ ፊደል ማንበብ ይገባዋል። ከነዚህም ምልክቶች አንዱ፣ ሰው በላዩ ሲቀመጥበት ጥርሱን ማፋጨት ነው።

ድምፁ ወፍጮ ያለ እህል ባዶውን ሲዞር የሚሰማውን ይመስላል። የታችኛው መንጋጋ በላይኛው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተሳበ ጥርስ ከጥርስ ይፋተጋል። ብዙ ሰው ይህን በሰማ ጊዜ «ፈረሱ ቂም ይዟል፤ ተንኮል አስቧል» ይልና ወዲያው አለንጋ ያነሣል፤ ወይም ከፊተኛው ይልቅ የከበደ ልጓም ያገባበታል። ይህ ግን ሕመምን በሕመም ላይ መጨመር ነው። ጥርስ ማፋጨት ቂም አይደለም፤ ፈረሱ የሚያመው ወይም የሚያስጨንቀው ነገር እንዳለ የሚናገርበት ቋንቋ ነው እንጂ። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ፣ ያ ነገር በየት ቦታ እንዳለ ባለቤቱ በገዛ ዓይኑና በገዛ እጁ ፈልጎ የሚያገኝበትን መንገድ ማስረዳት ነው።

ነገሩ ቀላል መስሎ ሊታይ አይገባም። በኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን የሚያህል ፈረስ እንዳለ ይገመታል። መኪና በማይደርስበት ደጋ አገር በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሰው፣ እህል ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ሽማግሌም ለዕርቅ ወደ ሩቅ ቀበሌ የሚሄደው በፈረስና በበቅሎ ጀርባ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክም «አባ ዳኘው» ተብለው በፈረስ ስማቸው መጠራታቸው፣ ፈረስ በዚህ አገር ምን ያህል እንደ ተከበረ ያስረዳል። በአገው ምድርም የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ፈረስ የዋለውን ውለታ ያስባል። እንዲህ የተከበረ እንስሳ ሕመሙን እየተናገረ ሰሚ ቢያጣ፣ ጥፋቱ በመጨረሻ የሚደርሰው በተቀማጩ ላይ ነው፤ ሕመም የጠናበት ፈረስ በገደል አፋፍ ላይ በኋላ እግሩ ሊቆም፣ ወይም በድንገት ዘሎ ሰውየውን ሊጥል ይችላልና።

ማላመጥንና ማፋጨትን ስለ መለየት

አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ፈረስ ልጓም በአፉ ሲገባ ብረቱን ቀስ ብሎ ያላምጣል፤ ከንፈሩ ይረጥባል፤ ጥቂት ነጭ አረፋም ይታያል። መንጋጋው የላላ፣ ጆሮው ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀስ፣ አንገቱም የለዘበ ከሆነ፣ ይህ የደኅንነት ምልክት ነውና የሚያሳስብ አይደለም። ማፋጨት ግን ከዚህ የተለየ ነው። መንጋጋው ይጠነክራል፤ የጉንጩ ጡንቻ ይወጠራል፤ ደረቅ የሆነ የመፋተግ ድምፅም ይሰማል። ብዙ ጊዜም ከዚሁ ጋራ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፤ ጭራውን ይወነጭፋል፤ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል።

አንድ ምልክት ብቻውን ሁሉን ነገር አይናገርም። ሱ ዳይሰን የተባሉት እንግሊዛዊት የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ በሚጋለብ ፈረስ ላይ የሚታዩ 24 ምልክቶችን ዘርዝረዋል፤ ከነዚህም 8 ወይም ከዚያ የሚበልጡት በአንድ ፈረስ ላይ ሲታዩ፣ በጡንቻው ወይም በአጥንቱ ላይ ሕመም ሳይኖር እንደማይቀር አመልክተዋል። የጆሮ ወደ ኋላ መተኛት፣ የጭራ መወንጨፍ፣ የአፍ ደጋግሞ መከፈትና የራስ ወደ አንድ ወገን መዘንበል ከነዚያ ምልክቶች መካከል ናቸው። ስለዚህ የጥርስ ማፋጨትን ድምፅ የሰማ ሰው፣ ዓይኑን ወደ ሌሎቹም ምልክቶች መልሶ መቁጠር ይገባዋል።

1ኛ፤ ስለ ጥርስ

የጎለመሰ ወንድ ፈረስ ብዙ ጊዜ 40 ጥርስ አለው፤ ባዝራ ግን ክራንቻ እምብዛም ስለማይበቅልላት ብዙ ጊዜ 36 ጥርስ አላት። ከነዚህም 12ቱ ሣር የሚቆርጡ የፊት ጥርሶች፣ 24ቱ ደግሞ የሚፈጩ የመንጋጋ ጥርሶች ናቸው። የፈረስ ጥርስ እንደ ሰው ጥርስ አንድ ጊዜ አድጎ የሚቆም አይደለም። ሣር እየፈጨ ሲያልቅ፣ ከሥሩ በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል እየወጣ ይተካል። ነገር ግን የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ይልቅ ሰፊ ስለ ሆነ ጥርሶቹ ዳር እስከ ዳር አይገጣጠሙም፤ ሳይፋተግ የቀረው ጠርዝም እንደ ቢላዋ ይሳላል። በላይ በኩል የተሳለው ጠርዝ ጉንጭን፣ በታች በኩል የተሳለው ምላስን ያቆስላል።

ይህ ፈረስ ልጓም ባልገባለት ጊዜ መንጋጋውን እንደ ወደደ ስለሚያንቀሳቅስ ሕመሙን ይሸሻል። ልጓሙና ማሰሪያው ሲገባ ግን ጉንጩ ከተሳለው ጠርዝ ጋራ ይጣበቃልና መሸሻ ያጣል። በጋጣው ውስጥ በሰላም ሲበላ የነበረው ፈረስ፣ ሰው ሲቀመጥበት ብቻ ጥርሱን የሚያፋጭበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወጣት ፈረስ ደግሞ ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜው የወተት ጥርሱን እየጣለ አዲስ ያበቅላል። ፈረስ መግራት የሚጀመረው ብዙ ጊዜ በዚሁ ዕድሜ ስለ ሆነ፣ ድዱ ያበጠውን ወጣት ፈረስ «እምቢተኛ ነው» ብሎ መፍረድ የተለመደ ስሕተት ነው። ከመንጋጋ ጥርስ ፊት ትንሽ ትርፍ ጥርስ የሚበቅልበትም ፈረስ አለ፤ የልጓሙ ብረት እርስዋን ሲነካት ሊያመው ይችላል።

የጥርስ ሕመም መኖሩን ያለ ምንም መሣሪያ ማወቅ ይቻላል። ፈረሱ ሣሩን ካኘከ በኋላ ሳይውጥ እንደ ጥቅልል እያደረገ ይጥለዋል፤ በፋንድያው ውስጥ ያልደቀቀ ገብስና ረዥም ሣር ይገኛል፤ በአንድ ወገን ብቻ ያኝካል፤ አፉ ይከረፋል፤ ወይም ከአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ መግል ይወርዳል። ዳግመኛም በፈረሱ ጎን ቆሞ፣ ከዓይኑ በታች ጀምሮ እስከ አፉ ማዕዘን ድረስ ጉንጩን ከውጭ በኩል በጣት ቀስ ብሎ ጫን ጫን ማድረግ ነው፤ ጠርዙ የተሳለ እንደ ሆነ ፈረሱ ራሱን ያሸሻል። ከነዚህ ምልክቶች አንዱ ከተገኘ፣ ፈረሱን ወደ ወረዳው የእንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል። ሐኪሙም ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ ሞረድ ጠርዙን ያስተካክለዋል። ሕመም ባይታይም እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ የፈረስን ጥርስ ለሐኪም ማሳየት መልካም ልማድ ነው።

2ኛ፤ ስለ ልጓምና ስለ ተቀማጭ እጅ

በፊት ጥርስና በመንጋጋ ጥርስ መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ድድ አለ። የልጓሙ ብረት የሚያርፈው በዚህ ቦታ ነው። ቦታው ቀጭን ሥጋ በአጥንት ጠርዝ ላይ የለበሰበት ስለ ሆነ፣ ሕመም በቶሎ ይሰማዋል።

በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የተለመደው ልጓም በአፍ ውስጥ ወደ ላንቃ የሚወጣ ብረትና የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ ቀለበት ያለው ነው። ፈረሰኛው በጦርነትም ሆነ በጉግስ ጨዋታ አንድ እጁ ስለሚያዝበት፣ በቀረው በአንድ እጁ ብቻ ፈረሱን በድንገት ማቆምና ማዞር ነበረበት፤ ለዚህም ብርቱ ልጓም ይረዳዋል። ዛቡ ጥቂት ሲሳብ ብረቱ ላንቃን ይጫናል፤ ቀለበቱም መንጋጋን ያጣብቃል። ይህ ልጓም በለዘበ እጅ ሲያዝ፣ ፈረሱ በምልክት ብቻ ይታዘዛል። በከባድ እጅ ሲያዝ ግን ፈረሱ ከሕመሙ ለመሸሽ መንጋጋውን ይገጥማል፤ አንገቱን ያደርቃል፤ ጥርሱንም ያፋጫል።

ስለዚህ አስቀድሞ ብረቱን መመርመር ያስፈልጋል። ጣትን በብረቱ ዙሪያ ሁሉ ማሳለፍ ነው፤ ጣትን የሚቧጭር ዝገት፣ ስንጥቅ ወይም ሹል ነገር ድድንም ያቆስላል። ስፋቱም ከፈረሱ አፍ ጋራ የተመጣጠነ መሆን አለበት፤ ጠባብ የሆነው የከንፈርን ማዕዘን ይቆነጥጣል፤ ከልክ በላይ የሰፋውም ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ይልጣል። በአፍንጫው ላይ የሚታሰር ጠፍር ካለ፣ በጠፍሩና በአፍንጫው አጥንት መካከል ሁለት ጣት ሊገባ ይገባል። ደግሞም በደጋ አገር ሌሊት ውርጭ የመታውን ብረት እንዲሁ በፈረስ አፍ ማግባት ያሳምማልና፣ አስቀድሞ በእጅ ማሞቅ ነው።

ከብረቱ ቀጥሎ እጅ ይመረመራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ክሴኖፎን የተባለው ግሪካዊ ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰው ፈረሱን በቁጣ መቅረብ እንደማይገባው አስተምሯል። ከዚያ ወዲህ ከ2300 ዓመት በላይ ቢያልፍም ምክሩ አልተሻረም። ብዙ ተቀማጭ ሚዛኑን በወገቡና በእግሩ መጠበቅ ሲገባው፣ ይልቁንም በቁልቁለት ጊዜ፣ በዛቡ ይንጠለጠላል። የሰውየው ክብደት ሁሉ በፈረሱ ድድ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ፣ ሜዳ በሆነ ስፍራ ላይ ዛቡን ለ20 ወይም ለ30 ርምጃ ያህል ማላላት ይበቃል። ማፋጨቱ በዚያው ከቀነሰና ዛቡ ሲሳብ ከተመለሰ፣ ጥፋቱ በልጓሙ ወይም በእጁ ላይ እንዳለ ያስረዳል።

3ኛ፤ ስለ ሆድ

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ምክንያት በሆድ ውስጥ ያለው ነው። የፈረስ ጨጓራ ከሰውነቱ ጋራ ሲመዛዘን ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ያህል ብቻ ይይዛል። ፈረስ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እንዲግጥ ሆኖ የተፈጠረ ስለ ሆነ፣ ጨጓራው ምግብ ቢኖርበትም ባይኖርበትም ኮምጣጣውን ፈሳሽ፣ ማለት አሲዱን፣ ሳያቋርጥ ያመነጫል። ይህን አሲድ የሚያበርደው ምራቅ ነው፤ የፈረስ ምራቅ ደግሞ በብዛት የሚመነጨው በሚያኝክበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ብዙ ሰዓት ሳይበላ የዋለ ፈረስ በጨጓራው ውስጥ አሲዱ ብቻውን ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ሳለ ሲጋለብ፣ የሆዱ ጡንቻ ጨጓራውን ስለሚጫነው አሲዱ ወደ ላይ ይረጫል፤ መከላከያ የሌለውን የጨጓራ ክፍል ያቃጥላል፤ ነገሩም በየጊዜው ከተደጋገመ ያቆስለዋል።

ለምሳሌ የገበያን ቀን መመልከት ይቻላል። ባለቤቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ፈረሱን ሳያበላ ይጭናል፤ ገበያ ሲደርስ ከአጥር ጋራ አስሮ ያውለዋል፤ ጀምበር ሲያዘቀዝቅ ተቀምጦበት ይመለሳል። ፈረሱ ሲሄድ ደኅና ነበረ፤ ሲመለስ ግን መንገዱን ሁሉ ጥርሱን ያፋጫል። ባለቤቱም «ቤቱ ናፍቆት ነው የሚቸኩለው» ይላል። ነገር ግን ፈረሱ ከ12 ሰዓት በላይ አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ ውሏል። የዚህ መድኃኒቱ ገንዘብ አያስወጣም። ከመጫኑ በፊት አንድ እቅፍ ድርቆሽ ወይም ገለባ ማብላት፣ ገበያም ላይ ሣር ጥሎለት ውሃ ማጠጣት ነው። ብዙ ገብስ በአንድ ጊዜ መስጠት ግን የሣርን ቦታ አይተካም፤ ይልቁንም የጨጓራን ቁስል ያባብሳል፤ የሆድ ቁርጠትንም ያመጣል። ገብስ የሚሰጠው ከድርቆሹ በኋላ፣ ጥቂት በጥቂት ተከፍሎ ነው።

ጨጓራው የቆሰለ ፈረስ ገብሱን ትቶ ድርቆሹን ይመርጣል፤ ይከሳል፤ ጠጉሩ ይጎፍራል፤ የኮርቻው ጠፍር ሲጠብቅበትም ዞሮ ሊነክስ ይቃጣል። ይህን ያየ ባለቤት አመጋገቡን እያሻሻለ ለሐኪም ያሳየው፤ ለጨጓራ ቁስል የሚሰጥ መድኃኒት አለና። ነገር ግን ፈረሱ ሳይጋለብም ጥርሱን እያፋጨ፣ ዞሮ ጎኑን የሚመለከት፣ መሬቱን በእግሩ የሚጭር፣ እየተኛ የሚንከባለል እንደ ሆነ፣ ይህ ብርቱ የሆድ ቁርጠት ነው። ፈረስ እንደ ሌሎች እንስሳት ማስታወክ አይችልምና ሕመሙ በቶሎ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ ሳይዘገዩ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።

4ኛ፤ ስለ ጀርባ፣ ስለ ኮርቻና ስለ እግር

የአገር ቤት ኮርቻ ከእንጨት ተሠርቶ ቆዳ የለበሰ ስለ ሆነ፣ በደንብ ካልተቀመጠ ጀርባን ያቆስላል። የተቀማጩ ክብደት ማረፍ የሚገባው ከጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ነው እንጂ በአጥንቱ ላይ አይደለም። ይህን የሚያሳየው ላብ ነው። ፈረሱ ተጋልቦ ሲመለስ ኮርቻውን አንሥቶ ጀርባውን መመልከት ነው፤ በዙሪያው ሁሉ ላብ ሳለ በመካከል የደረቀ ቦታ ከታየ፣ ኮርቻው ያን ቦታ ከልክ በላይ እንደ ተጫነው ያስረዳል። በጀርባው ላይ የበቀለ ነጭ ጠጉርም የቀድሞ ቁስል ምስክር ነው። ጀርባውን ከጫንቃው ጀምሮ እስከ ወገቡ ድረስ በጣት ጫን እያደረጉ ማለፍ፣ ከቦታው በአንዱ ላይ ጎንበስ ቢል ወይም ቆዳው ቢንቀጠቀጥ ሕመሙ በዚያ እንዳለ ያሳያል።

መንገዱም ራሱ ምስክር ይሆናል። ፈረሱ በሜዳ ዝም ብሎ በቁልቁለት ብቻ የሚያፋጭ እንደ ሆነ፣ ኮርቻው ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጫንቃውን ይመታው እንደ ሆነ ማየት ነው። በዳገት የሚያፋጭ እንደ ሆነ ደግሞ ጠፍሩ ከልክ በላይ ጠብቆ፣ ወይም ወገቡ ታሞ ይሆናል። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውም ጨርቅ እንዳይታጠፍና ጭጎጎት እንዳይዝ በየጊዜው መራገፍ አለበት፤ አንዲት ጭጎጎት ከተቀማጭ በታች ስትሆን እንደ መርፌ ትወጋለች። የገጠበ ፈረስ ቁስሉ ሳይድን መጋለብ የለበትም። በመጨረሻም አራቱን ሰኮናዎች አንሥቶ የተሸነቆረ ድንጋይ፣ ስንጥቅ ወይም ትኩሳት መኖሩን መመርመር ያስፈልጋል፤ በግልጽ የማያነክስ ፈረስ እንኳ የእግሩን ሕመም በጥርሱ የሚናገርበት ጊዜ አለና።

5ኛ፤ ስለ ፍርሃትና ስለ ትምህርት

አፉም፣ ሆዱም፣ ጀርባውም ደኅና ሆኖ ሳለ የሚያፋጭ ፈረስ አለ። ይህ ጭንቀት ነው። ያልለመደውን ሥራ የሚማር ወጣት ፈረስ፣ በጥምቀት በዓል ከበሮና እልልታ በሞላበት ሕዝብ መካከል የገባ ፈረስ፣ ከጓደኛው ተለይቶ ብቻውን የሚሄድ ፈረስ መንጋጋውን ገጥሞ ጥርሱን ያፋጫል። ሰውም ሲጨነቅ እንዲሁ ያደርጋል። የዚህ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ትምህርቱን ማሳጠር፣ ከሶምሶማ ወደ ርምጃ መመለስ፣ ዛቡን ማላላት፣ መንጋጋው በላላ ጊዜም ወዲያው አቁሞ አንገቱን መዳሰስ ነው። ፈረስ የሚማረው ዕረፍት ካገኘበት ሰዓት ነውና፣ ማፋጨቱን ሲተው ዕረፍት እንደሚያገኝ በቶሎ ያስተውላል። አንዳንዱ ፈረስ ግን ሕመሙ ከዳነም በኋላ ልማዱን ለጥቂት ጊዜ ይቀጥላል፤ ሕመሙ ይመለሳል ብሎ ይፈራልና ስለዚህ ሊመታ አይገባም።

ምክንያቱን በቅደም ተከተል ስለ መፈለግ

ምክንያቱ ብዙ በሆነ ጊዜ ሁሉን በአንድ ቀን መለወጥ አይጠቅምም፤ የትኛው እንደ ረዳ አይታወቅምና። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ እየጨመሩ መፈተን ይገባል። ፈረሱ በየቀኑ ጠዋት ድርቆሹን ከበላ በኋላ፣ በመጀመሪያው ቀን ያለ ኮርቻና ያለ ብረት በልባብ ብቻ እየተሳበ ይመላለስ። በሁለተኛው ቀን ልጓሙ ይግባለት፤ ነገር ግን አሁንም በልባቡ ይሳብ እንጂ ዛቡ አይነካ። በሦስተኛው ቀን ኮርቻው ይጫን፤ ጠፍሩም ይጥበቅ። በአራተኛው ቀን ቀላል ሰው ይቀመጥበት፤ ሌላው ሰው ግን በልባቡ ይሳበው። በአምስተኛው ቀን ተቀማጩ ዛቡን ይያዝ፤ አስቀድሞ በርምጃ፣ ቀጥሎም በሶምሶማ፣ በሜዳ፣ በዳገትና በቁልቁለት ይሂድ።

ማፋጨቱ በመጀመሪያው ቀን ከተሰማ ምክንያቱን በጥርስ፣ በሆድ ወይም በእግር መፈለግ ነው። በሁለተኛው ቀን ከጀመረ ብረቱን ወይም ብረቱ የነካውን ድድና ጥርስ፤ በሦስተኛው ከጀመረ ኮርቻውንና ጠፍሩን፤ በአራተኛው ከጀመረ ጀርባውን ያመለክታል። በአምስተኛው ቀን ብቻ ከተሰማ ደግሞ የተቀማጩ እጅ ይመረመራል። ማፋጨቱ የተሰማበት ቀን፣ ሰዓትና ስፍራ በደብተር ቢጻፍ ለሐኪሙም ትልቅ እርዳታ ይሆናል። ያ ሁሉ ሆኖ አምስቱን ቀን ዝም ያለው ፈረስ ሳይበላ በዋለበት ቀን ካፋጨ፣ ነገሩ የሆድ እንደ ሆነ ይታወቃል።

ይህ ፈተና ለአገር ሽማግሎችም የሚጠቅም ነው። ፈረስ የገዛ ሰው ጥቂት ቀን ቆይቶ «ሕመሙን ደብቆ ሸጠልኝ» ብሎ ሻጩን ሲከስ፣ ሻጩም «በእኔ ዘንድ ደኅና ነበረ» ሲል፣ ሽማግሎቹ ከመፍረዳቸው በፊት ፈረሱን በዚህ ሥርዓት ቢያስፈትኑ መልካም ነው። በሻጩ ልጓም ዝም ብሎ በገዢው ልጓም ብቻ የሚያፋጭ እንደ ሆነ፣ ጥፋቱ የሻጩ ሳይሆን የልጓሙ ነው። ልጓም በመለወጥ የሚያልቅ ጠብ ባልንጀሮችን ሊያለያይ አይገባም።

ስለማይገባ አደራረግ

ጥርስ ማፋጨትን ለማስተው የፈረሱን አፍ በጠፍር አጥብቆ ማሰር አይገባም፤ ድምፁ ቢቀንስ እንኳ ሕመሙ አይቀንስም፤ አንደበቱን ብቻ መዝጋት ነው። የባሰ ልጓም ማግባት፣ ላንቃን መብጣት፣ ጉንጭን በጋለ ብረት መተኮስ፣ ሳይማሩ ጥርስን በድንጋይ ወይም በብረት ለመፋቅና ለመንቀል መሞከር፣ እነዚህ ሁሉ ቁስል ያመጣሉ እንጂ አይፈውሱም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ መታወቅ አለበት። ፈረሱ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሀጩ የሚዝረበረብ፣ ውሃና ምግብ መዋጥ ያቃተው፣ ያለ ምክንያትም የሚናከስ እንደ ሆነ፣ ማንም ሰው እጁን በአፉ ውስጥ እንዳያስገባ። የእብድ ውሻ በሽታ ፈረስንም ይይዛል፤ በለሀጩም ወደ ሰው ይተላለፋል። እንዲህ ያለውን ፈረስ ለብቻው አግልሎ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ፣ የተነከሰ ወይም ለሀጩ በቁስሉ ላይ ያረፈበት ሰው ካለም ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

መምህሩ ለተማሪዎች የሚያሳየው

በገጠር ትምህርት ቤት ከሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ ፈረስ ይጠብቃሉ፤ ወደ ውሃም ይወስዳሉ፤ ያለ ኮርቻ ይጋልባሉ። ስለዚህ መምህሩ ይህን ትምህርት በነገር ብቻ ሳይሆን በማሳየት ሊያስረዳቸው ይችላል። የልጓም ብረት ያምጣና እያንዳንዱ ልጅ በመጀመሪያ በጭኑ ላይ፣ ቀጥሎም በቅልጥሙ አጥንት ላይ ቀስ ብሎ እንዲጫነው ያድርግ። በጭኑ ላይ ምንም ያልመሰለው ብረት በቅልጥሙ ላይ እንደሚያሳምም ልጁ ራሱ ይመሰክራል፤ የፈረስም ድድ እንደ ቅልጥም እንጂ እንደ ጭን እንዳልሆነ ያን ጊዜ ያስተውላል። ዳግመኛም ልጆቹ ጥርሳቸውን አጥብቀው ገጥመው አንገታቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲያዞሩ፣ ከዚያም መንጋጋቸውን አላልተው እንደ ገና እንዲያዞሩ ያድርግ። መንጋጋ ሲጠነክር አንገት እንደሚደርቅ ያውቃሉ፤ መንጋጋውን የገጠመ ፈረስም ለመዞር የሚቸገረው ስለዚህ መሆኑን ይረዳሉ።

ሽማግሎች ደግሞ የብዙ ዘመን ልምድ አላቸውና፣ በጉግስና በጉዞ ያዩትን ለልጆቹ ቢነግሩ ትምህርቱ ይጸናል። ከእንግዲህ ወዲህ ጥርሱን የሚያፋጭ ፈረስ ያጋጠመው ልጅ፣ አለንጋውን ከማንሣቱ በፊት ወርዶ ልጓሙን ይፍታ፤ ብረቱን በጣቱ ይዳስስ፤ ኮርቻውን አንሥቶ ጀርባውን ይመልከት፤ ፈረሱ በየትኛው ሰዓት እንደ በላም ይጠይቅ። ይህን ለማድረግ የአንድ ሰዓት ሩብ እንኳ አይፈጅም።